ሥነ ልቦናን ከሀንድአውት አውጥቶ ለኑሮ ማዋል፦ በደሴና በኮምቦልቻ ላላችሁ ተማሪዎች የአሠራር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ስሰጥ፣ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ተላከልኝ። ጠዋት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ ይተኛል። የላከው መምህር ብጣሽ ወረቀት ላይ «ግዴለሽ» ብሎ ጽፏል። እኔም ልጁ በቅጡ ሳይቀመጥ ስለ ዓላማ፣ ስለ ጥረት፣ ስለ ወላጅ ልፋት ሃያ ደቂቃ ያህል መከርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰምቶኝ ወጣ። በሳምንቱ በዚያው ጥፋት ተመልሶ መጣ። «ማታ ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ብዬ የጠየቅኩት ያኔ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ዳቦ ቤት ሊጥ ያቦካል፤ ሲነጋ ከዚያው ተነስቶ ወደ ክፍል ይገባል። ያ ሃያ ደቂቃ እስካሁን ይቆጨኛል።

«ግዴለሽ» የሚለው ቃል ስለ ልጁ ምንም አልነገረንም። እንዳንጠይቅ ብቻ ነው ያደረገን። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌቪን በ1936 (እዚህ ያሉት የምርምር ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባህሪ የሰውየውና ያለበት ሁኔታ የጋራ ውጤት መሆኑን በአጭር ቀመር አስቀምጦታል። ፍሬሽማን ላይ ጄኔራል ሳይኮሎጂ የወሰዳችሁ ልጆች ብዙ ስምና ትርጓሜ ሸምድዳችሁ ፈተናውን አልፋችኋል። እዚህ የምትሠሩት ሽምደዳ አይደለም። አንድ ችግር ትይዛላችሁ፣ የሰውየውን ጠባይ ከመውቀሳችሁ በፊት ሁኔታውን ትመረምራላችሁ፣ ከሁኔታው አንድ ነገር ትለውጣላችሁ፣ ለውጥ መምጣቱን ቆጥራችሁ ታረጋግጣላችሁ። ይህንኑ መጀመሪያ በራሳችሁ ላይ፣ ቀጥሎ ከአንድ ሰው ጋር፣ ከዚያ በቡድን፣ በመጨረሻ በሰፈር ትሞክሩታላችሁ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። በራሱ ላይ ሳይሞክር ሰፈር ለማስተካከል የሚነሳ ሰው ምክር አዳይ ሆኖ ይቀራል።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ አንድ እፍኝ ሽንብራና ሦስት ሳምንት ነው።

1. ስያሜውን ትታችሁ ድርጊቱን ጻፉ

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚያስቸግራችሁን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከጻፋችሁ በኋላ «ይህ ነገር በቪዲዮ ቢቀረጽ ይታያል?» ብላችሁ ፈትኑት። «ሰነፍ ነኝ» በቪዲዮ አይታይም። «ማታ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ደብተር ከፍቼ ተቀምጬ ስልኬን ደጋግሜ አነሳለሁ» ግን ይታያል። «አባቴ አይወደኝም» አይታይም፤ «አባባ ውጤቴን ካየ በኋላ ሁለት ቀን አላናገረኝም» ይታያል። ስያሜ የሆነውን ሁሉ ሰርዛችሁ የሚታየውን ብቻ አስቀሩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ችግር ምረጡ። የቤተሰብ ሐዘን፣ የፍቅር መለያየት ወይም ድንጋጤ ያለበትን ጉዳይ በዚህ መንገድ ልለማመድ አትበሉ። ለእሱ መጨረሻው ላይ የምንደርስበት ሌላ መንገድ አለው።

2. ምንም ሳትለውጡ አንድ ሳምንት ቁጠሩ

ሽንብራው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ማጥናት ስትጀምሩ ሃያ ፍሬ ቀኝ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። ስልክ ባነሳችሁ ቁጥር አንዷን ወደ ግራ ኪስ አሳልፉ። ከመተኛታችሁ በፊት ግራ ኪሱን ቆጥራችሁ ቁጥሩን ጻፉ። በስልክ መተግበሪያ መቁጠር ይቻላል የሚል አለ፤ እኔ አልመክርም፤ ለመቁጠር ብላችሁ ስልኩን ታነሳላችሁና።

መቁጠር በራሱ ባህሪን ጥቂት እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቁጥር ዝቅ ቢል ተፈታ አትበሉ። ሰባቱንም ቀን ቁጠሩ።

ከቁጥሩ ጎን ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ከድርጊቱ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረግሁ፣ ወዲያው ምን ተከተለ። አንዲት የኮምቦልቻ ተማሪ የጻፈችውን በፈቃዷ ላካፍላችሁ። በፊት፦ «የካልኩለስ ጥያቄው ሦስተኛው መስመር ላይ አልገባኝም።» ድርጊት፦ «ቲክቶክ ከፈትኩ።» በኋላ፦ «ደረቴ ላይ የነበረው ጭንቀት ለቀቀኝ።» በሳምንቱ ውስጥ ይህ አንዱ መስመር በትንሽ በትንሹ እየተለወጠ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ልጅቷ ራሷን የስልክ ሱሰኛ አድርጋ ነበር የምታስበው። ደብተሯ የነገራት ግን ስልክ የምታነሳው ጥያቄ ሲከብዳት ብቻ መሆኑን ነው።

እዚህ ላይ የባህሪ ተመራማሪው ስኪነር ያጠናው ነገር በዓይን ይታያል። አንድ ድርጊት የሚያስጨንቀንን ነገር ካራቀልን ያንን ድርጊት ደግመን እናደርገዋለን። ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት የሚባለው ይህ ነው። ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ ከቅጣት ጋር ያምታታዋል፤ ቅጣት ድርጊቱን ይቀንሳል፣ ይህኛው ግን ያበረታዋል። በራሳችሁ ደብተር አንድ ጊዜ ካያችሁት ደግሞ አትስቱትም።

ዓምዱን ስትመረምሩ ያላሰባችሁት ነገር ይወጣል። ከአንድ በላይ ተማሪ ያገኘው አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ መብራት ሲጠፋ ስልኩ ፋኖስም ስለሚሆን ከእጅ አይወርድም። ለዚህ ተማሪ መድኃኒቱ የፈቃድ ጥንካሬ አይደለም፤ ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ መብራት ወይም ሻማ ነው።

3. ከሁኔታው አንድ ነገር ብቻ ለውጡ

«ከነገ ጀምሮ በደንብ አጠናለሁ» የሚል ውሳኔ አትጻፉ። በምትኩ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» የሚል ውሳኔ ጻፉ። ፒተር ጎልዊትዘርና ቬሮኒካ ብራንድሽቴተር በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች የገና ዋዜማን እንዴት እንዳሳለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። መቼና የት ሆነው እንደሚጽፉ አስቀድመው ከወሰኑት አራት እጅ ሦስቱ ያህል ጽፈው ላኩ፤ ካልወሰኑት ግን ሲሶው ገደማ ብቻ።

«ሲሆን» የምትሉት ነገር ሳትፈልጉት የሚመጣና የማይቀር ይሁን። ደሴ ላይ ይህ አይጠፋም። የመግሪብ አዛን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጆሮ ይደርሳል። የምትሰግዱ ከሆነ «መግሪብ ሰግጄ ስነሳ»፣ የማትሰግዱ ከሆነ «አዛኑ ሲያልቅ» ወይም «የእራት ሰሃን አጥቤ ስጨርስ» ማለት ትችላላችሁ። ሙሉው እንዲህ ይሆናል፦ «የእራት ሰሃን አጥቤ ስጨርስ ስልኬን ለአከራዬ ሰጥቼ የፊዚክስ ደብተሬን እከፍታለሁ።» አከራያችሁንም አስቀድማችሁ አነጋግሯቸው፦ «እትዬ፣ ይቺን ስልክ እስከ 4 ሰዓት ይያዙልኝ። ብለምንዎትም እንዳይሰጡኝ።» ዶርም ላላችሁ የዶርም ጓደኛ ይበቃል።

አንድ ነገር ብቻ የምላችሁ በምክንያት ነው። ስልኩንም፣ የጥናት ሰዓቱንም፣ ቦታውንም በአንድ ቀን ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ከለወጣችሁ በኋላ ሁለት ሳምንት በሽንብራው ቁጠሩ። ቁጥሩ ከወረደ ቀጥሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ካልተነቃነቀ ሌላ ነገር ለውጡ፤ ራሳችሁን መሳደብ ከሚለወጡት ነገሮች ውስጥ የለም።

የዳቦ ቤቱን ልጅ ጉዳይ የፈታነው በዚሁ መንገድ ነው። ከባለ ዳቦ ቤቱ ጋር ተነጋግረን ሥራው ከሌሊት ወደ ምሽት ተዛወረለት፤ 3 ሰዓት ላይ ወጥቶ ቤቱ ይተኛል። ስለ ዓላማ ደግሞ አልመከርኩትም። በሁለተኛው ሳምንት ክፍል ውስጥ መተኛቱን ተወ።

ለጥናት ብቻ የሚሆን

የጥናት ነገር ከሁሉም በላይ ስለምጠየቅ ትንሽ ልቆይበት። ደብተርን አምስት ጊዜ ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነብበው አንዱን ቡድን ደግሞ እንዲያነብ፣ ሌላውን ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግሞ ያነበበው በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ደግሞ ያነበበው 42 በመቶ ሲያስታውስ፣ ከራሱ አውጥቶ የጻፈው 56 በመቶ አስታወሰ። ማታ አንብቦ ጠዋት የሚፈተን ተማሪ ለዚህ ነው ማንበብ ይበቃል ብሎ የሚያምነው፤ ፋይናል ሲመጣ ግን የሚድተርሙ ምዕራፍ እንደ አዲስ ይሆንበታል።

ስለዚህ አንድ ክፍል አንብቡ፣ ደብተሩን ዝጉ፣ ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን በራሳችሁ ቃል ጻፉ፣ ከዚያ ከፍታችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። በሌላ ቀለም የተጻፈው ነው የነገ ጥናታችሁ። ወረቀት ካጠራችሁ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ስትሄዱ ለጓደኛችሁ አስረዱት፤ ጓደኛ ከሌለ ለታናሽ እህታችሁ። ሳይገባት ስትቀር የተወላገደው የእናንተ መረዳት መሆኑን ታያላችሁ።

ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በራሱ ላይ ሲሞክር ኖሮ በ1885 ያሳተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ብዙው የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ሰኞ የተማራችሁትን ማክሰኞ፣ ሐሙስና በሚቀጥለው ሰኞ አውጥታችሁ ጻፉት። በጠቅላላው አንድ ሰዓት አይፈጅም። በጫት ወይም በቡና ሌሊቱን ገፍቶ ማንበብን ደግሞ ተዉት፤ ቀን የተማርነው ነገር የሚሰክነው በእንቅልፍ ነው። በዚህ ላይ የማልደራደረው ብዙ ጎበዝ ልጅ በዚያ መንገድ ሲጠፋ ስላየሁ ነው።

ፈተና ላይ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ራሚሬዝና ቤይሎክ በ2011 የሞከሩትን ሞክሩ፦ ከፈተናው በፊት ዐሥር ደቂቃ የሚያስፈራችሁን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ። ለማንም አታሳዩት። ከቤቱ ርቆ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እያደረ ለሚፈተን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይህ እንደ ቀላል የሚታይ እርዳታ አይደለም።

4. ከአንድ ሰው ጋር

ሊ ሮስ በ1977 ስም ያወጣለት አንድ ስህተት አለ፦ የሌላውን ሰው ድርጊት ስናይ ሁኔታውን ረስተን በጠባዩ እንፈርዳለን። ሌላው ሰው ሲያረፍድ «ሥርዓት የለውም» እንላለን፤ እኛ ስናረፍድ «ታክሲ ጠፋ» እንላለን። ለሰው ጠባይን፣ ለራሳችን ሁኔታን እንመድባለን። በዶርምም በኪራይ ቤትም የማየው ጠብ አብዛኛው ከዚህ ይጀምራል።

የተቀየማችሁትን ሰው ድርጊት ከመናገራችሁ በፊት በደብተሩ ላይ ሦስት ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶች ጻፉለት። ቢያንስ ሁለቱ ከሁኔታ የመጡ ይሁኑ። ሦስተኛው ላይ ብዙ ጊዜ ንዴቱ ይበርዳል። ካልበረደ ተናገሩ፤ ግን እንደ አንደኛው እርምጃ የሚታየውን ብቻ። «አንተ ሁልጊዜ ራስህን ብቻ ነው የምታስበው» ከማለት፣ «ማታ 5 ሰዓት ላይ ሙዚቃ ሲከፈት እንቅልፌ ይሄዳል። ከ4 ሰዓት በኋላ በኢርፎን ብታደርገው ምን ይመስልሃል?» በሉ። የሆነውን፣ እናንተ ላይ ያደረሰውን፣ የምትፈልጉትን፤ በዚህ ቅደም ተከተል፣ በሦስት ዓረፍተ ነገር ያልቃል።

ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙት። ወሎ ውስጥ ያደገ ልጅ ሽማግሌ ፊት የሚናገር ሰው ሳይጨርስ እንደማይቋረጥ ያውቃል። አበጋር (ጠብ የሚያስታርቅ የአገር ሽማግሌ) የተቀመጠበትን ቦታ ያየ ደግሞ ይበልጥ ያውቃል። ያንን ሥርዓት ለዶርማችሁ አምጡት። ሲጨርስ የተናገረውን በራሳችሁ አፍ ደግማችሁ «እንዲህ ነው ያልከው?» ብላችሁ ጠይቁ። «አዎ» ካላችሁ በኋላ የእናንተን ተናገሩ። ይህን ለታላላቆች ስታደርጉ ጥያቄውን ለስለስ አድርጉት፦ «አባባ፣ በደንብ ተረድቼዎት ከሆነ...»

5. በቡድን

ስድስት ሰው የተመደበበት የግሩፕ አሳይመንት ሁለት ሰው ሠርቶት ስድስት ስም ይለጠፍበታል። ሁለቱ ይማረራሉ፣ አራቱ ይባላሉ «ተለጣፊ»። ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ከመቶ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ ሲለካ፣ የጎታቹ ቁጥር በጨመረ መጠን የእያንዳንዱ ሰው ጉልበት ቀነሰ። ላታኔና ባልደረቦቹ በ1979 ሰዎችን በማስጮህና በማስጨብጨብ ተመሳሳይ ነገር አገኙ። የእያንዳንዱ ድርሻ ለብቻው መለካት ሲጀምር ግን ልግመቱ ይቀንሳል። ስለዚህ «ሰነፎች» ብላችሁ ከመማረር ሥራውን በሌላ መልክ ከፋፍሉት።

ኤሊየት አሮንሰን በ1971 ኦስቲን ቴክሳስ ውስጥ የጀመረው አሠራር ለዚህ የሚመች ነው። ጥቁር፣ ነጭና የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ልጆች አዲስ በተቀላቀሉባቸው ክፍሎች ጠብ በዝቶ ነበር። አሮንሰን ትምህርቱን ቆራርሶ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ሰጠ፤ ሙሉውን ለማወቅ ሌላውን ከመስማት በቀር መንገድ አልነበረም። እኛ ክፍል ውስጥ እንዲህ አድርጉት። አምስት አምስት ሆናችሁ ተቀመጡ። ምዕራፉን አምስት ቦታ ክፈሉትና እያንዳንዱ ሰው የራሱን ክፍል ብቻ ይውሰድ። የአንደኛ ክፍል ባለቤቶች ከየቡድኑ ወጥተው ለብቻቸው ተሰብስበው ክፍላቸውን ይረዱ፤ የሁለተኛዎቹም፣ የሌሎቹም እንደዚሁ። ከዚያ ሁሉም ወደ ቡድኑ ተመልሶ ለአራቱ ያስተምር። መጨረሻ ላይ ሁሉም ከአምስቱም ክፍል በግል አጭር ፈተና ይፈተን። የመጀመሪያው ቀን ይንጫጫል፣ ጊዜም ይበላል፤ በዚህ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሦስተኛው ላይ ይሰክናል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ለዝምተኛው ተማሪ ቀላሉን ክፍል በርኅራኄ አትስጡት። ጓደኞቹ በእውነት የሚፈልጉትን ክፍል ስጡት። ከተፈናቀለ ቤተሰብ መጥቶ መሐል ዓመት ላይ የገባ ልጅ፣ ከገጠር መጥቶ ሰው የሚፈራ ልጅ፣ የሚያስተምረው ነገር ሲኖረው የሚሰማው ይበዛል። ሙዛፈር ሸሪፍ በ1954 ኦክላሆማ ውስጥ 22 ልጆችን ለሁለት ከፍሎ ባደረገው ጥናት፣ ሁለቱን ቡድን አብሮ ማብላትና አብሮ ሲኒማ ማሳየት ጠቡን አላበረደም። የበረደው የካምፑ ውሃ ሲቋረጥ ሁሉም አብረው እንደ ሠሩት ያሉ የጋራ ሥራዎች ሲደጋገሙ ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይሉ በአንድ ቅሬ (የቀብር ዕድር) ድንኳን ሲተክሉና ቀብር ሲያስፈጽሙ የምታዩት ነገር ከዚህ ጋር ይገናኛል፤ የጋራ ሥራው መተዋወቁን ይወልዳል።

6. በሰፈር

«የደሴን የወጣቶች ሥራ አጥነት» ወይም «የቦርከና ወንዝን ብክለት» አንስታችሁ አትጀምሩ። ከትልቁ ጉዳይ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ በዓይን የሚታይ ድርጊት ቁረጡ፦ አንድ ቱቦ ውስጥ የሚጣል ላስቲክ፣ አንድ ማቋረጫ ላይ የማይቆሙ ባጃጆች። ከዚያ ደረጃ ሁለትንና ሦስትን ድገሙ። ሰዎችን ስትቆጥሩ ስም አትጻፉ፣ ፎቶ አታንሱ፤ የምታነጋግሩትን ሰው ፈቃድ ጠይቁ። ሁለት ጉዳዮች ግን ሁላችሁም ዛሬውኑ ልትሠሩባቸው የምትችሉ ስለሆኑ በተለይ ላንሳቸው።

አንዱ ወሬ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የነበረ ሰው ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ኦልፖርትና ፖስትማን በ1947 እንዳስቀመጡት ወሬ የሚጎለብተው ጉዳዩ ለሰው ትልቅ ሲሆንና እውነቱ ሲደበዝዝ ነው። የጉዳዩን ክብደት መቀነስ አትችሉም፤ ድብዝዝነቱን ግን ትችላላችሁ። ቴሌግራም ላይ አንድ ነገር ሲደርሳችሁ ሦስት ጥያቄ መልሳችሁ ላኩ፦ ማን በዓይኑ አየ? መቼ? የት ቦታ? መልስ ካልመጣ እናንተ ጋ ይቁም። «ይህ ውሸት ነው» ብላችሁም ቢሆን ሙሉውን ወሬ ደግማችሁ አትለጥፉ፤ አንድ አባባል በተደጋገመ ቁጥር እውነት እየመሰለ እንደሚሄድ ከ1977 ጀምሮ በብዙ ሙከራ ታይቷል። እውነቱን ካወቃችሁ እውነቱን አስቀድማችሁ፣ በአጭሩ ጻፉ።

ሁለተኛው መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ነው። ዳርሊና ላታኔ በ1968 ባደረጉት ሙከራ፣ ተማሪዎች አንድ ሰው የሚጥል በሽታ ሲነሳበት በድምፅ እንዲሰሙ ተደረገ። የሚሰማው እሱ ብቻ እንደሆነ ካመነው ተማሪ 85 በመቶው የታማሚው ድምፅ ሳይቋረጥ ለእርዳታ ሮጠ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብሎ ካሰበው ግን 31 በመቶው ብቻ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ተጨንቀው ነበር። ኃላፊነቱ ለአምስት ተከፍሎ ለማንም ሳይደርስ ቀረ። ሰኞ ገበያ ላይ ሰው ሲወድቅ ከብቦ የሚያየው ሕዝብም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ እናንተ ስትደርሱ «ኧረ እርዱት!» ብላችሁ ወደ ሕዝቡ አትጩኹ። አንድ ሰው በጣታችሁ አመልክታችሁ እዘዙ፦ «ወንድሜ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበስከው፣ ባጃጅ አቁምልን።» «እህቴ፣ አንቺ ሰዓት ያዢልኝ።» የሚጥል በሽታ ከሆነ ጭንቅላቱ ስር ጋቢ ወይም ጃኬት አድርጉ፣ ድንጋይና ስለት ከአጠገቡ አርቁ፣ መንፈራገጡ ሲበርድ በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፣ አጥብቃችሁ አትያዙት፣ ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት። ክብሪቱን ይዞ የሚመጣ ትልቅ ሰው አይጠፋም፤ «እማማ፣ እርስዎ ፊቱን ከፀሐይ ይከልሉልን» ብላችሁ ሌላ ሥራ ስጧቸው፤ መርዳት ስለፈለጉ ነው የመጡት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ዳግመኛ ከተነሳበት በባጃጁ ወደ ሆስፒታል።

ልብ በሉ፣ እስካሁን የጠቀስኳቸው ጥናቶች አብዛኛዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ፣ ብዙ ጊዜም በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ናቸው። 85 እና 31 የተባሉት ቁጥሮች ደሴ ላይ ያው ይሆናሉ ብላችሁ አትማሉ። ቁጠሩ የምላችሁ ለዚህም ነው።

7. ነገሩ ከእናንተ በላይ ሲሆን

ጓደኛችሁን በሽታ ሰይማችሁ አትመርምሩ። ኮርሱን ስለወሰዳችሁ «ዲፕሬሽን አለብሽ» የማለት መብት የላችሁም፤ በመጀመሪያው እርምጃ ስያሜን የሰረዝነው እዚህም ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ባወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ላይ ያሉት ሦስት ነገሮች ለእናንተ ይበቃሉ፦ ተመልከቱ፣ አዳምጡ፣ አገናኙ። መጀመሪያ ይብላ፣ ይሙቀው፣ ከአደጋ ይራቅ። ቀጥሎ መናገር ከፈለገ ስሙት፤ ካልፈለገ ጦርነቱን ወይም ሞቱን እንዲተርክ አትጎትጉቱት። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አትበሉት። «አለሁ፣ አብሬህ እቀመጣለሁ» ይበቃል።

ማገናኘቱ ላይ አትዘግዩ። ሐዘኑ ወይም ፍርሃቱ ከሁለት ሳምንት በላይ መብላት፣ መተኛት ወይም ክፍል መግባት ከከለከለው፣ ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ ወይም ስለ መሞት ካወራ ለባለሙያ መድረስ አለበት። ስለ መሞት ያወራን ሰው «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይከትበትም፤ ብዙ ጊዜ ሸክሙን ያቀልለታል። «አዎ» ካላችሁ ብቻውን አትተዉት፤ ምስጢር እጠብቃለሁ ብላችሁም ቃል አትግቡ። የዚያኑ ቀን ለቤተሰቡ ወይም ለምታምኑት መምህር ንገሩና ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ቤተሰቡ ጠበል ወይም ዱዓ ይቅደም ካለ አትከራከሯቸው። «ጠበሉም ይቀጥል፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ» በሉ። ብዙ አባቶችና ሼሆችም ይህንኑ ይላሉ፤ ቤተሰቡ የሚያከብራቸውን አንድ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ብትሄዱ ነገሩ ይቀላል።

ለቀላሉ ጉዳይ የትምህርት ቤታችሁ ወይም የግቢያችሁ የምክር አገልግሎት ክፍል መነሻ ይሆናችኋል። ሆስፒታል ስትሄዱ በጠዋት ድረሱ፣ አብራችሁ ተሰለፉ፣ ካርድ የምታወጡት እናንተ ሁኑ፤ የታመመ ሰው ከሰልፍ ላይ ጥሎ ይመለሳል። በሽተኛው ሲገባ ከፈለገ አብራችሁ ግቡ፣ ካልፈለገ በር ላይ ጠብቁት። ሲወጣ የቀጠሮውን ቀን እናንተም ስልካችሁ ላይ መዝግቡትና ከዋዜማው ደውሉለት።